የኢንተርኔት አስተዳደር ለመንግሥታት ብቻ ቢሰጥ ነፃነት አይሰፋም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ኢንተርኔት ወደ ሕጋዊ ባለቤቶቹ ይመለስ» በሚል ርእስ ሰሞኑን ለንባብ የበቃ አንድ ጽሑፍ ነበር። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኢንተርኔት ዛሬም በአንዲት አገር እጅ ነው፤ ይህም ለሌላው ዓለም የንግግር ነፃነት ዋነኛው አደጋ ነው፤ ስለዚህ እንደ ስልክና ቴሌግራፍ ሁሉ ኢንተርኔትም በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሥር መግባት አለበት፤ በዚያ አንድ አገር አንድ ድምፅ ስላላት አስተዳደሩ ዴሞክራሲያዊ ይሆናል፤ አሁን ያለው «የባለድርሻ አካላት» አሠራር (መንግሥታት፣ ኩባንያዎች፣ መሐንዲሶችና ማኅበራት አብረው የሚመክሩበት ማለት ነው) የትልልቅ ኩባንያዎች መሸፈኛ ነው፤ ዜጋን ከእነዚህ ኩባንያዎች ሊታደግ የሚችለውም የመንግሥት ሉዓላዊነት ብቻ ነው። ጽሑፉ በቅን ልቦና ለመጻፉ አልጠራጠርም፤ ካነሣቸው ቅሬታዎች መካከልም የማልክዳቸው አሉ። ችግሩ የሚያቀርበው መፍትሔ ከቅሬታዎቹ ጋር አለመገናኘቱ ነው፤ እንዲያውም ዛሬ ተለያይተው የሚገኙ ሁለት ሥልጣኖችን አንድ እጅ ውስጥ ያስገባቸዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባለቤትነቱ ጥያቄ እንጀምር። ጸሐፊው አሜሪካ «አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ» የፈለገችውን አገር ከኢንተርኔት ልታስወጣ ትችላለች ይላሉ። ለዚህ አባባል መነሻ የሚሆን ታሪክ አለ። የኢንተርኔት ስሞችና ቁጥሮች (የድረ ገጽ ስሞችና የኮምፒውተር አድራሻዎች) መዝገብ ለረጅም ጊዜ የተያዘው በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠሩ በነበሩ በጆን ፖስቴል በተባሉ አንድ ምሁር ነበር፤ በ1998 አይካን የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እዚያው ካሊፎርኒያ ሲቋቋምም ይህን ሥራ ያከናውን የነበረው ከአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ጋር በገባው ውል ነው። ይሁን እንጂ ውሉ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2016 አብቅቷል፤ አልታደሰምም። ጽሑፉ ስለ አሜሪካ ቁጥጥር ብዙ ገጽ ሲጽፍ ይህን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣቱ ያስገርማል።

ለመሆኑ ያ ይጫናል የተባለው ቁልፍ የት ነው ያለው? በስሞች ሥርዓት አናት ላይ «ሩት ዞን» የሚባል፣ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሚሆን ፋይል አለ። እንደ ዶት ኮምና ዶት ኦርግ ያሉ መለያዎች እንዲሁም የየአገሩ ባለሁለት ፊደል መለያዎች፣ በድምሩ ከ1,400 በላይ ስሞች፣ የሚገኙት በዚህ ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉን ለዓለም የሚያድሉት 13 ስም ያላቸው ሰርቨሮች ናቸው፤ እነዚህን የሚያስተዳድሩት ደግሞ 12 የተለያዩ ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው የአሜሪካ ጦርና ናሳ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በስዊድን ያለው ኔትኖድ፣ በአምስተርዳም ያለው ራይፕ እና በጃፓን ያለው ዋይድ ይገኙበታል። ከአሥራ ሁለቱ የሚበዙት አሜሪካዊ መሆናቸውን አልሸሽግም። ሆኖም የእነዚህ ሰርቨሮች ቅጂዎች ከ1,500 በላይ በሆኑ ቦታዎች ተሠራጭተው ይሠራሉ፤ የፋይሉ ይዘትም ለማንም የተገለጠ ስለሆነ አንድ ስም ቢሠረዝ በዚያው ቀን ዓለም ያውቀዋል።

ፋይሉ እንዳይጭበረበር ከ2010 ጀምሮ በዲጂታል ፊርማ ይታተማል። ዋናው የፊርማ ቁልፍ የተቀመጠው ኤል ሰጉንዶ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማና ከልፔፐር በምትባል የቨርጂኒያ ከተማ ነው። ቁልፉን ለመጠቀም በዓመት አራት ጊዜ ያህል ሥነ ሥርዓት ይካሄዳል። ለእያንዳንዱ ስፍራ ከተለያዩ አገሮች የተመረጡ፣ የአይካን ሠራተኛ ያልሆኑ ሰባት ሰዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በካዝናው ውስጥ ያለች፣ ካርድ የተቀመጠባትን የአንዲት ሣጥን መክፈቻ ይዘዋል፤ ከሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ በአካል ካልተገኙ ሥራው አይጀመርም። ከዚያ በኋላ አስቀድሞ የተጻፈው ቅደም ተከተል መስመር በመስመር እየተነበበ ይፈጸማል፤ ማን በስንት ሰዓት ምን እንዳደረገ ይመዘገባል፤ ካሜራውም ሁሉን በቀጥታ ያስተላልፋል። አሰልቺ ነው፤ አሰልቺ እንዲሆንም ተብሎ ነው የተሠራው። በአንድ ባለሥልጣን ትእዛዝ ይጫናል የተባለው ቁልፍ ይህ ከሆነ ጸሐፊው አንዱን ሥነ ሥርዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢመለከቱት መልካም ነበር።

ሥርዓቱ በተግባር ሲፈተን የሆነውንም እንይ። በፌብሩዋሪ 2022 ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ የዩክሬን መንግሥት ዶት አርዩ የተባለው የሩሲያ መለያ ከሩት ዞን እንዲሠረዝ አይካንን ጠይቆ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በግልጽ ከዩክሬን ጎን በቆመበት፣ የምዕራቡ ዓለም ስሜት በጋለበት ሰዓት አይካን የሰጠው መልስ እንዲህ ያለውን ቅጣት መወሰን የእኔ ሥራ አይደለም የሚል ነበር። ለአውሮፓና ለአካባቢው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ላይ የሚለዩበትን ቁጥር፣ የሚያድለው ራይፕም የሩሲያን የአይፒ አድራሻዎች እንዲነጥቅ ሲጠየቅ እንቢ አለ። አንድ ቁልፍ ብቻ የሚጠይቅ ነገር ቢሆን ኖሮ ለመጫን ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ነበር።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚያነሡትን አንድ ምሳሌ ያለ ማንገራገር እቀበላለሁ። በ2011 የአሜሪካ ባለሥልጣናት የስፖርት ጨዋታ ማስፈንጠሪያዎችን ይሰበስብ የነበረ የአንድ የስፔን ድረ ገጽን የዶት ኮምና የዶት ኦርግ ስሞች ወረሱ፤ የስፔን ፍርድ ቤት የድረ ገጹን ሥራ ሕጋዊ ነው ብሎት እያለ ማለት ነው። ስሞቹ የተመለሱት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆይተው፣ በኦገስት 2012 ነው። ይህ ግልጽ በደል ነበር። ነገር ግን እንዴት እንደተፈጸመ ልብ ይሏል፦ ትእዛዙ የሄደው ወደ አይካን ሳይሆን ስሞቹን ወደሚመዘግቡት፣ በቨርጂኒያ ግዛት ወደሚገኙት ድርጅቶች ነው። አይካን ነገ ጠዋት ወደ ጄኔቭ ቢዛወርና የተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ቢሰቀልበት እነዚያ ድርጅቶች ቨርጂኒያ ውስጥ እስካሉ ድረስ ያው ትእዛዝ በያው መንገድ ይፈጸማል። ጸሐፊው እውነተኛ በደል ጠቅሰው የማይነካውን መፍትሔ አቀረቡ።

ሁለተኛውና በእኔ እምነት ትልቁ ስሕተት ነፃነት የሚታፈነው ከላይ፣ ከማዕከሉ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሕዝብ በጅምላ ከኢንተርኔት የተቋረጠባቸው የታወቁ አጋጣሚዎች ሲመረመሩ ማቋረጡ የተፈጸመው ለተጠቃሚው ቅርብ በሆነው ቦታ፣ ከመንግሥት ፈቃድ ወስደው በሚሠሩት የአገር ውስጥ የቴሌኮም ድርጅቶች በኩል ሆኖ ይገኛል። በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ፣ ሌሊት ላይ፣ የግብፅ መንግሥት ባስተላለፈው ትእዛዝ ታላላቆቹ አገልግሎት ሰጪዎች እርስ በርስ በደቂቃዎች ልዩነት ወደ አድራሻዎቻቸው የሚወስደውን መንገድ ለዓለም ማስታወቃቸውን አቆሙ። ዶት ኢጂ የተባለው የአገሪቱ መለያ በሩት ዞን ውስጥ እንዳለ ነበር፤ የነካውም የለም። ስሙ በቦታው ሆኖ አገሪቱ ለአምስት ቀን ያህል ከኢንተርኔት ጠፋች።

የፓኪስታኑ ታሪክ ደግሞ የአንድ አገር እገዳ ድንበር እንደማያውቅ ስለሚያሳይ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። በፌብሩዋሪ 2008 መንግሥት ዩቲዩብ በአገር ውስጥ እንዲዘጋ ሲያዝ የአገሪቱ ቴሌኮም ትእዛዙን የፈጸመው የዩቲዩብ አድራሻዎች በእሱ በኩል የሚገኙ የሚያስመስል የመንገድ ማስታወቂያ በማውጣት ነበር። ኔትወርኮች የሚሠሩት አንዱ ለሌላው «ይህ አድራሻ በእኔ በኩል ይገኛል» ብሎ ሲነግረው በማመን ነው፤ ሁለት ማስታወቂያዎች ከተጋጩም ጠበብ ያሉ አድራሻዎችን ለይቶ የሚጠራው እንደሚመረጥ ደንቡ ያዛል። ለአገር ውስጥ የታሰበው ማስታወቂያ በሆንግ ኮንግ በሚገኝ አገናኝ ኩባንያ በኩል ሾልኮ ወጣ፤ ከብዙ አገሮች ወደ ዩቲዩብ ያመራ የነበረው ትራፊክ ሁሉ ወደ ፓኪስታን ጎርፎ እዚያ ቀረ፤ ዩቲዩብም በአብዛኛው ዓለም ለሁለት ሰዓት ያህል ተሰወረ። ችግሩን የፈቱት በስልክና በኢሜይል የተፈላለጉ የኔትወርክ መሐንዲሶች ናቸው፤ የየትኛውም መንግሥት ጉባኤ አልተጠራም። ሩሲያ በ2018 ቴሌግራምን ለመዝጋት ስትሞክርም የአማዞንና የጉግል ንብረት የሆኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድራሻዎችን አግዳ ምንም ያልበደሉ አገልግሎቶችን አወከች፤ ቴሌግራም ግን መሥራቱን ቀጠለ፤ እገዳውም በ2020 ተነሣ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የማቋረጡ ሥልጣን የነበረው በብሔራዊ መንግሥት እጅ ነው። ዛሬ አንድ መንግሥት በግዛቱ ውስጥ ያለውን መስመር መቁረጥ ይችላል፤ ከድንበሩ ውጭ የተመዘገበን የተቃዋሚ ወይም የጋዜጠኛ ድረ ገጽ ስም ግን ከዓለም መዝገብ ላይ ሊፍቅ አይችልም። ጸሐፊው ሁለተኛውንም ሥልጣን ለመንግሥታት ጉባኤ እንስጥ እያሉ ነው። የመጀመሪያውን እንዴት እንደተጠቀሙበት አይተናል።

ሦስተኛው ነጥብ ስልክና ቴሌግራፍ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሥር ስላሉ ኢንተርኔትም ይግባ የሚለው ነው። ኅብረቱ በ1865 በፓሪስ ለቴሌግራፍ የተቋቋመ አንጋፋ ድርጅት ነው፤ የሬዲዮ ሞገዶችንና የሳተላይት ምሕዋሮችን በማደላደል ረገድ የሚሠራው ሥራም የሚተካ አይደለም። ነገር ግን ስልክ በዚያ ዘመን በሁለቱም ጫፍ የመንግሥት ሞኖፖል ነበር፤ ሁለት መንግሥታት ከተስማሙ ነገሩ አለቀ። ኢንተርኔት ከ70,000 የሚበልጡ ኔትወርኮች በየራሳቸው ውል የተያያዙበት ነው። የሚሠራባቸውን ፕሮቶኮሎች፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የሚግባቡባቸውን ደንቦች፣ የሚያዘጋጀው ከ1986 ጀምሮ ያለው የኢንተርኔት ኢንጂነሪንግ ግብረ ኃይል አባልነት የሚባል ነገር የለውም፤ የፈለገ ሰው በኢሜይል ገብቶ ይከራከራል፤ ሰነዶቹም ለሁሉም በነፃ ክፍት ናቸው። ከኢንተርኔት ቀደምት መሐንዲሶች አንዱ የሆኑት ዴቪድ ክላርክ በ1992 «ነገሥታትን፣ ፕሬዚዳንቶችንና ድምፅ መስጠትን አንቀበልም» ሲሉ የተናገሩት ብዙ ጊዜ እንደ ፉከራ ይጠቀሳል፤ የንግግሩ ቀሪ ክፍል ግን የሚያምኑት በግርድፍ ስምምነትና በሚሠራ ኮድ መሆኑን የሚገልጽ ነው፤ ማለትም አንድ ሐሳብ የሚጸድቀው ማን አቀረበው ተብሎ ሳይሆን ይሠራል ወይ ተብሎ ነው።

ኅብረቱ ወደ ኢንተርኔት እጁን ሲዘረጋ ምን እንደሚመስልም በዲሴምበር 2012 በዱባይ ታይቷል። በዚያ ጉባኤ የ1988ቱን የቴሌኮም ደንቦች ለማሻሻል የቀረበውን ስምምነት 89 አገሮች ሲፈርሙ 55 አገሮች ሳይፈርሙ ቀሩ። ካጨቃጨቁት አንቀጾች አንዱ በጅምላ ስለሚላኩ ያልተጠየቁ የኤሌክትሮኒክ መልእክቶች የሚናገረው ነበር። ላይ ላዩን ሲያዩት ማን ይቃወመዋል? ይሁንና አንድ መልእክት ያልተጠየቀ የጅምላ መልእክት መሆኑን ለመወሰን ብዙ ጊዜ ይዘቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የተላከ የተቃውሞ ጥሪም በዚያው ስም ሊጠራ ይችላል። ስምምነቱ «ይዘትን አይመለከትም» የሚል ዐረፍተ ነገር በመግቢያው አካባቢ መጨመሩን አውቃለሁ፤ ያ ዐረፍተ ነገር ማስፈለጉ ራሱ ሥጋቱ መሠረት እንደነበረው ይመሰክራል።

ስለ አንድ አገር አንድ ድምፅ ብዙ ማለት አያሻም። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ድምፁን የሚሰጠው የመንግሥት ተወካይ ነው፤ መስመሩ የተቆረጠበት ነጋዴም ሆነ የታሰረችው ጋዜጠኛ ወንበር የላቸውም። በሴፕቴምበር 2011 ቻይና፣ ሩሲያ፣ ታጂኪስታንና ኡዝቤኪስታን ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረቡት የሥነ ምግባር ደንብ ረቂቅ ላይ የሌሎች አገሮችን ፖለቲካዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ መረጋጋት እንዲሁም መንፈሳዊና ባህላዊ ድባብ የሚያናጋ መረጃ እንዳይሠራጭ መተባበር የሚል ግዴታ ነበረበት። የማይመች ዜና ሁሉ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል። ጸሐፊው «መንግሥታት ዛሬ ድምፅ የላቸውም» ማለታቸውም ልክ አይደለም፤ በአይካን ውስጥ ከ180 የሚበልጡ አባላት ያሉት የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴ አለ፤ ኮሚቴው በሙሉ ስምምነት የሰጠውን ምክር ቦርዱ ውድቅ ለማድረግ 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልገዋል።

አሁን ጸሐፊው ወደሚበረቱበት ቦታ ደርሰናል፤ የባለድርሻ አካላት አሠራር በገንዘብና በእንግሊዝኛ ለሚችሉ ሰዎች ያደላል የሚለው ቅሬታ እውነት ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ በተለያየ አህጉር የሚደረግ ስብሰባ ላይ ሠራተኛ መላክ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ቀላል ነው፤ ለአንድ የሰብዓዊ መብት ማኅበር ግን የዓመት በጀቱን ሊጨርስበት ይችላል። የአፍሪካን የአይፒ አድራሻዎች የሚያድለውና በሞሪሸስ የሚገኘው አፍሪኒክ የገባበት ውጥንቅጥም መሸፈን አይገባውም፦ ከአንድ ደንበኛው ጋር በአድራሻዎች ምክንያት በተነሣ ክርክር በ2021 የባንክ ሂሳቡ ታገደ፤ ቦርዱ ምልዓተ ጉባኤ አጣ፤ በ2023 ፍርድ ቤት ንብረት ጠባቂ ሾመበት። መንግሥታት ባይኖሩበት ሁሉ ነገር ሰላም ነው የሚል ካለ ይህን ይይ።

የዶት ኦርግ ታሪክ ግን ለሁለታችንም ክርክር ይጠቅማል። በኖቬምበር 2019 የዓለም የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚጠቀሙበት የዶት ኦርግ መዝገብ በ1.135 ቢሊዮን ዶላር ለአንድ የግል ኢንቨስትመንት ኩባንያ ሊሸጥ መሆኑ ተሰማ። ጸሐፊው ይህን የኩባንያ ወረራ ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል፤ ታሪኩን ግን ከመሀል ላይ ያቆሙታል። የበጎ አድራጎት ማኅበራት በየአገሩ ተቃወሙ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለአይካን የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ በመጨረሻም ኤፕሪል 30 ቀን 2020 የአይካን ቦርድ ዝውውሩን አልፈቅድም አለ። ሥርዓቱ ሊሳሳት ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያዳነው ተራው ተጠቃሚ ሊጮህበት የሚችል በር መኖሩና ከድርጅቱ በላይ የሆነ ሕግ መኖሩ ነው።

የመጨረሻው ክርክር፣ ዜጋን ከፌስቡክና ከጉግል የሚታደገው ሉዓላዊነት ነው የሚለው፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ሙቀጫ ይወቅጣል። የስሞች፣ የአድራሻዎችና የፕሮቶኮሎች አስተዳደር አንድ ነገር ነው፤ በእነሱ ላይ የተገነቡ ኩባንያዎችን በሕግ መግዛት ሌላ ነገር ነው። ጀርመን በ2017 ማኅበራዊ ሚዲያዎች በግልጽ ሕገ ወጥ የሆነ ይዘትን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ፣ ካልሆነም እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ እንዲቀጡ የሚያደርግ ሕግ ስታወጣ ሩት ዞኑን መንካት አላስፈለጋትም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 የዲጂታል አገልግሎቶች ሕጉን ያወጣው በተራ የሕግ አወጣጥ ነው። እነዚህ ሕጎች ጥሩ ናቸው ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ የጀርመኑ ሕግ ኩባንያዎች ቅጣት ፈርተው ሕጋዊውንም ንግግር እንዲያነሡ ይገፋ ነበር የሚለውን ትችት እኔም እጋራለሁ። የሆነው ሆኖ ኩባንያን ለመቅጣት የሚፈልግ መንግሥት መሣሪያው በእጁ ነው።

ያው መንግሥት ራሱ ሲያጠፋ ማን ይቀጣዋል? ይህ ጥያቄ በጽሑፉ ውስጥ የለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ሰዎች ከኢንተርኔት ውጭ ያሏቸው መብቶች በኢንተርኔትም ላይ እንዲጠበቁ በ2012 ወስኗል፤ በ2016ም ሆን ብሎ የመረጃ መስመርን ማቋረጥን አውግዟል። ውሳኔዎቹ ጥሩ ናቸው፤ አስገዳጅ ግን አይደሉም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2020 ስለ ካሽሚር ሲወስን ኢንተርኔትን ላልተወሰነ ጊዜ ማቋረጥ እንደማይፈቀድና የማቋረጫ ትእዛዞች መታተም እንዳለባቸው ገልጿል፤ እንዲያም ሆኖ ፈጣኑ የሞባይል ኢንተርኔት ወደ ካሽሚር ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ነፃ ፍርድ ቤት ባለበት አገር እንኳ ከውሳኔ በኋላ አንድ ዓመት ፈጀ።

ከዚህ ተነሥቼ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለኝ። አይካን ዛሬ ሊከሰስ የሚችል ድርጅት ነው፤ ለምሳሌ ዶት አፍሪካ የተባለውን መለያ ለማስተዳደር ካመለከቱት አንዱ ድርጅት ባቀረበው አቤቱታ ላይ ገለልተኛ ዳኞች በ2015 አይካን የራሱን መተዳደሪያ ደንብ መጣሱን ወስነውበታል። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ድርጅቶች ግን በዓለም አቀፍ ስምምነት ከየአገሩ ፍርድ ቤቶች ያለመከሰስ መብት አላቸው። እርስዎ በሚያቀርቡት አደረጃጀት፣ አባል መንግሥታት በድምፅ ብልጫ የአንድን ጋዜጣ የዶሜይን ስም ከመዝገብ ቢፍቁ፣ የጋዜጣው ባለቤት ማንን፣ በየትኛው ፍርድ ቤት ይከሳል?